የስንብት ክፍያ ለሚጠይቅ ሠራተኛ አቤቱታው ስለመድረሱ ማስረጃ ይሰጠው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በደብረ ብርሃን ከተማ ለባለጉዳዮች ማመልከቻና የክስ አቤቱታ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ቀደም ባለው ጊዜ ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ ባለጉዳዮች የመሬት ወሰን፣ የውርስ ወይም የቤት ኪራይ ክርክር ያለባቸው ነበሩ። አገራችን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለማስገባት ከሚያስችለው የአጎዋ ዕድል ከወጣች በኋላ፣ ይልቁንም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ጸጥታው ከታወከ ጀምሮ ግን፣ ፋብሪካ ቆሞባቸው ወይም በቅነሳ ተሰናብተው የሚመጡ ወጣቶች እየበዙ መጥተዋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የእነዚህ ወጣቶች መብት ሕጉ ሳይጎድልበት በአቀባበል ጉድለት ብቻ ሲጠፋ በተደጋጋሚ ስላየሁ ነው።

በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል የሥራ አጥነት አበል የለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 የሚሸፍነው ዕርጅናን፣ የጤና ጉድለትን፣ በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትንና የሟች ተተኪዎችን ነው፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪውም 11 በመቶ የሚያዋጡት ለዚሁ ነው። ብዙ ተሰናባቾች «ጡረታዬ ይመለስልኝ» የሚል ማመልከቻ ሊያስጽፉኝ ይመጣሉ። መዋጮው ሥራ ስለተቋረጠ ብቻ ወዲያው እንደማይመለስ፣ የሠሩበት ዘመን ግን ተይዞላቸው ሌላ ድርጅት ሲቀጠሩ እንደሚቀጥል ሳስረዳቸው ፊታቸው ይለወጣል፤ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ቀን የደረሰበት ሰው የዛሬ 30 ዓመት ስለሚያገኘው ነገር ቢነገረው መጽናኛ አይሆነውም። ስለዚህ ለተሰናባቹ እስኪቋቋም ድረስ የሚቆይበት ያለው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው የሥራ ስንብት ክፍያ ብቻ ነው።

አዋጁ ስሌቱን በግልጽ አስቀምጦታል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ እየታከለበት፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ ይከፈላል። ድርጅቱ በኪሳራ ወይም በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው በመዘጋቱ ወይም በሠራተኛ ቅነሳ የተሰናበተ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። 4 ዓመት የሠራች የልብስ ስፌት ሠራተኛ ፋብሪካው ቢዘጋባት በድምሩ የ120 ቀን ደመወዝ ይገባታል ማለት ነው፤ ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብላታል። ክፍያው መፈጸም ያለበት ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሲሆን፣ በመጠኑ ላይ ክርክር ቢነሣ እንኳ አሠሪው ያልካደውን ያህል በዚያው ጊዜ ውስጥ የመክፈል ግዴታ አለበት። ያለበቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር የሚደርስ ደመወዝ ጨምሮ እንዲከፍል ሊያዝዘው ይችላል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ እያለ ሠራተኛውን የሚጎዳው ይርጋው ነው። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ቀሪ ይሆናል፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ በ3 ወር። ሕጉ ግን ለሠራተኛው አንድ በር ትቶለታል። ጉዳዩን አዋጁን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው መሥሪያ ቤት ካቀረበ፣ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ይርጋው ይቋረጣል። የዚህን ድንጋጌ ጥቅም የሚያውቅ ሠራተኛ እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም ቢሆን ማቅረቡን የሚያስረዳበት ወረቀት ከሌለው አይጠቀምበትም።

ከእነዚህ ባለጉዳዮች አንዷ ከመንዝ የመጣች፣ በአንድ ፋብሪካ በስፌት ማሽን ላይ ትሠራ የነበረች ወጣት ናት። ወደ እኔ ስትመጣ ፎቶው የደበዘዘ የፋብሪካ መታወቂያ፣ የደመወዝ መክፈያ ቁራጭ ወረቀቶችና የባንክ ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ከሥራ እንደተሰናበተች ወዲያው ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለችው ቢሮ ሄዳ አመልክታለች። እዚያ ያገኘችው ባለሙያ በመልካም ሁኔታ ተቀብሎ፣ ስሟንና ስልኳን በደብተር መዝግቦ፣ ድርጅቱን አነጋግረን እንጠራሻለን ብሎ ሸኝቷታል። ከዚያ በኋላ የነበረው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ባለሙያው መስክ ወጥቷል፣ ድርጅቱ መልስ አልሰጠም፣ የሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ። ክስ መሥርታ ችሎት ስትቀርብ የተከሳሽ ጠበቃ የይርጋ መቃወሚያ አነሣ። ለቢሮው አመልክቼ ነበር ስትል ማስረጃ ተጠየቀች። «ጋሼ፣ እኮ ጽፈውታል፣ ሲጽፉ አይቻለሁ» ትለኝ ነበር። ማረጋገጫ እንዲሰጣት ቢሮውን ስንጠይቅ፣ መዝጋቢው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፣ ደብተሩም አልተገኘም። ዳኛው በቀረበላቸው ማስረጃ ወስነዋል፤ በእርሳቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። ልጅቱ ግን ላቧን ያፈሰሰችበትን ገንዘብ አጥታ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመልሳለች።

የምጠይቀው በጀት የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። የሠራተኛ አቤቱታ የሚቀበል ማናቸውም መሥሪያ ቤት፣ አቤቱታው በጽሑፍ ከቀረበለት በግልባጩ ላይ ቀኑንና የገቢ ቁጥሩን ጽፎ ማኅተም ያሳርፍበት፤ በቃል ከቀረበለት ደግሞ ባለሙያው ራሱ በቅጽ ሞልቶ አንዱን ለባለጉዳዩ ይስጠው። ጉዳዩን የያዘው ባለሙያ ስም፣ የሚገኝበት ስልክና መልስ የሚሰጥበት ቀን በዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር። በየቢሮው ግድግዳ ላይ አገልግሎቱ የሚፈጀውን ጊዜ የሚዘረዝር የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ ሆኖም ጊዜው ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር የሚያሳይ ወረቀት በባለጉዳዩ እጅ ካልገባ ማንም ማንንም ሊጠይቅበት አይችልም። ድርጅቱ አልከፍልም ካለም ቢሮው ይህንኑ በጽሑፍ አረጋግጦ ሠራተኛውን ወደ ፍርድ ቤት ይላከው እንጂ በቀጠሮ አያቆየው። ባለሙያዎቹ ጥቂት መሆናቸውን፣ ከእነርሱም ውስጥ ከምሳ ሰዓታቸው ቀንሰው ሠራተኛ የሚያስተናግዱ እንዳሉ አውቃለሁ። የተመዘገበ አቤቱታ ለእነርሱም ቢሆን ሥራቸውን የሚያሳይ ነው።

የርቀቱን ነገር በተለይ ማንሣት ይገባል። የተሰናበተ ሠራተኛ ደመወዙ ከቆመ በኋላ በደብረ ብርሃን ተከራይቶ መቀመጥ ስለማይችል ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ዓለም ከተማ፣ ወደ እነዋሪ ወይም ወደ አጣዬ ይመለሳል። ከዚያ ለአንድ ቀጠሮ ተመልሶ ለመምጣት የትራንስፖርትና የማደሪያ ገንዘብ መበደር አለበት፤ መንገድ የሚዘጋበት፣ የሞባይል ዳታ የሚቋረጥበት ጊዜም አለ። ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት የዘገየ ሠራተኛ ምክንያቱ በተወገደ በ10 ቀናት ውስጥ ካመለከተ ጥያቄው ከይርጋው ጊዜ በኋላም ሊታይለት እንደሚችል አዋጁ ይደነግጋል፤ ሆኖም 10 ቀን በጣም አጭር ነው፣ የምክንያቱን መኖር ማስረዳቱም ቀላል አይደለም። በየወረዳው ያሉ ጽሕፈት ቤቶች አቤቱታውን እዚያው ተቀብለው በራሳቸው ደብዳቤ ወደ ዞን ቢያስተላልፉ፣ ለጥያቄም የሚነሣ ስልክ በተወሰነ ሰዓት ቢመደብ ይህ ሁሉ እንግልት በእጅጉ ይቀንሳል።

ሌላው መጉላላት የስም አለመመሳሰል ነው። በደመወዝ መዝገቡ ላይ «ሀይለማርያም» ተብሎ፣ በቀበሌ መታወቂያው ላይ «ኃይለ ማርያም» ተብሎ የተጻፈ አባት የልጁን ፋይል ለሳምንታት ሲያስቆም አይቻለሁ። የፋይዳ ቁጥር ያለው ሰው በቁጥሩ ቢለይ ከቀበሌ ቀበሌ ደብዳቤ ለማጻፍ ባልተንከራተተ ነበር።

ድርጅቱ ጨርሶ ሲዘጋ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። በሩ ላይ ከጥበቃ በቀር ማንም አይገኝም፤ ማሽኖቹ በባንክ ዕዳ የተያዙ ናቸው። አዋጁ ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ሁሉ ቅድሚያ እንዳለው ይደነግጋል፤ ይህ ቅድሚያ የሚጠቅመው ግን ንብረቱ ተሸጦ ሳይበተን ለሚጠይቅ ሰው ነው። አንድ ድርጅት ሥራ ሊያቆም መሆኑ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲታወቅ፣ ለሠራተኞቹ በማስታወቂያ ሰሌዳና በወረዳ በኩል ወዲያው ይነገራቸው።

የሥራ አጥነት አበል የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 102 ከተዘረዘሩት 9 የማኅበራዊ ዋስትና ዘርፎች አንዱ ነው። እኛም አገር ሊታሰብበት የሚገባበት ጊዜ ነው እላለሁ። ይሁን እንጂ ዛሬ የስንብት ክፍያ ጠያቂን በወጉ መመዝገብ ያልቻለ አሠራር ነገ አበል ጠያቂውንም እንዲሁ ያንከራትታልና፣ የአቀባበሉ መስተካከል ቀድሞ መምጣት አለበት።

አሠራሩ እስኪስተካከል ድረስ ይህን ለሚያነቡ ሠራተኞች የምለው አለኝ። አቤቱታችሁን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን ሰጥታችሁ በሌላው ላይ «ገቢ ሆኗል» አስብላችሁ ከቀኑና ከማኅተሙ ጋር መልሳችሁ ያዙ። ማኅተም አናደርግም ከተባላችሁ ከፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ላኩትና ደረሰኙን አስቀምጡ። የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን አሠሪው እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ የመስጠት ግዴታ አለበት። 4 ወር አልፎ የጽሑፍ መልስ ካላገኛችሁ ሌላ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት ሂዱ፤ ለዚህ ዓይነቱ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ከአክብሮት ጋር
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ከደብረ ብርሃን