ጡረታ የወጣው ክራቫት

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ጡረታ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ገንዘቡ ነው። ማነሱስ እውነት ነው። እኔ ግን የቸገረኝ የቀኑ ርዝመት ነበር።

60 ዓመት ሞላኝና በሒሳብ ሠራተኝነት ካገለገልኩበት መሥሪያ ቤት ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። በማግስቱ እንደ ልማዴ 12 ሰዓት ተነስቼ ክራቫቴን አሰርኩ። ከዚያ ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። አይሳቅም! ሦስት ወር ያህል ቤት ውስጥ ስንጎራደድ ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ወጣ በል» አለችኝ።

ወጣሁ። ከፒያሳ በእግሬ አራት ኪሎ ሄጄ፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ላነብ ነበር ሐሳቤ። አጠገቤ የተቀመጠ ተማሪ ግን ዴቢትና ክሬዲት ተምታቶበት ሲያላብሰው አየሁ። አላስቻለኝም። ውጭ ወጥተን አስረዳሁት። በማግስቱ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ «ጋሼ» እየተባልኩ አስጠናለሁ። ክራቫቱም ሥራ አገኘ።

ጡረታ የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው የመጣ ነው። መጦር ደስ ይላል፤ ግን በዕድሜ ልክ ያጠራቀምነውን ማን ይጠይቀን? ወረዳዎች የጡረተኞችን ሙያ መዝግበው ከተማሪዎችና ከጀማሪ ነጋዴዎች ጋር ቢያገናኙን ምናለበት? አንድ ክፍልና ጥቂት ወንበር ይበቃል። ሻይውን ራሳችን እንችላለን።

አክባሪዎ፣
ጡረተኛው የሒሳብ ሰው
ከፒያሳ