ጣሪያው ከብርዱ በፊት ይከደን፤ ከወለሉ በታች ያሉትም አደራችን ናቸው

ውድ ምእመናን፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፤

ነገሩን ሳናዞር እንንገራችሁ። የቤተ ክርስቲያናችን የጣሪያ ሥራ ቆሟል። ገንዘብ አልቆብናል። በሰሜን በኩል ያለው ጣሪያ ዛሬም በሸራ እንደተሸፈነ ነው። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሸራው ይገለጣል፣ ዝናቡ ይገባል፤ እሑድ ቅዳሴ ሳይገባ ወጣቶቹ በባልዲ ውሃ ሲያወጡ የምታዩት ለዚህ ነው። የጎደለን 38,000 ፓውንድ ነው። ተቋራጩ የሰጠን ዋጋ የሚጸናው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እንደገና ዋጋ እንጠይቃለን፣ እንደገና ይጨምራል።

ደክሞናል፤ አንደብቃችሁም። ግን ይህች አሮጌ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን የነበረች ቤት ከየት ተነስታ እዚህ እንደደረሰች ታውቃላችሁ። በኪራይ አዳራሽ ከሰው ሰዓት በኋላ ስንቀድስ ከርመን፣ እናቶቻችን እንጀራና ዶሮ ወጥ ሸጠው፣ ታክሲ የሚነዳው በታክሲው፣ ሆስፒታል የሚያድረው በሌሊት ፈረቃው አዋጥቶ ነው የገዛናት። ስንረከባት እርግብ ሰፍሮባት ነበር። ማሞቂያው ገባ፣ የመብራት መስመሩ ተቀየረ፣ የግዢው ዕዳ ተከፍሎ አለቀ። ይህን ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ።

ከዚያ በአንድ ሌሊት ሌቦች ጣሪያው የለበሰውን የእርሳስ ብረት ገፈው ወሰዱት። በዚህ አገር በብዙ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ እርሳስ በኪሎ ይሸጣል። ኢንሹራንሱ የሸፈነው ከፊሉን ብቻ ነው።

አሁን “ያ ሁሉ ብር የት ገባ?” ለምትሉ። መጠየቃችሁ ተገቢ ነው፣ እንመልሳለን። ትልቁን የበላው ስካፎልዲንጉ ነው፤ ሕንጻው ከፍ ያለ ነው፣ መወጣጫው ደግሞ ቆሞ በዋለ ቁጥር በሳምንት ኪራይ ያስከፍላል። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ በቆርቆሮ እንምታው ብንል ሕግ አይፈቅድም። በእርሳሱ ፋንታ ሌባ የማይፈልገውን ልዩ ልባስ ያለው አይዝጌ ብረት ለማልበስ ፈቃድ አውጥተናል፤ ፈቃዱ የባለሙያ ሥዕልና ጥናት ይጠይቃል፣ ያም ተከፍሏል። ግድግዳውን በሲሚንቶ ለምን አልመረጋችሁትም የሚልም አለ። አሮጌ ግድግዳ በኖራ ነው የሚተነፍሰው፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ድንጋዩን ይበላዋል። ምንጣፉንም የቀየርነው ለጌጥ አይደለም። የድሮው ከሥሩ ጎማ ነበረው፣ ውሃውን ይዞ የመቃብር ድንጋዮቹን እያበሰበሰ ነበር። ለሁሉም ደረሰኝ አለ። ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴውን ጠይቁ፣ መዝገቡን ገልጠን እናሳያችኋለን።

የከበደን ጥያቄ ሌላው ነው። “ጣሪያውስ ይሁን፣ ለፈረንጅ መቃብር ለምን እንከፍላለን?” የሚል ሰው አለ፤ አንዳንዱም በዚህ ምክንያት መዋጮውን አቁሟል።

ወገኖቼ፣ ጫማችንን አውልቀን የምንቆምበት ወለል መቃብር ነው። እንግሊዞች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የወጡት የመቃብር ሕጎች እስኪያስቆሟቸው ድረስ ሰው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይቀብሩ ነበር። አቅም ያለው ከወለሉ በታች ያርፋል፣ ስሙ በድንጋይ ይቀረጽለታል። ድሃው በግቢው ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ድንጋይ። ዛሬ የመቅደሱ መጋረጃ በተዘረጋበት ቦታ ሥር የድሮው አጥቢያ ካህናት አሉ። ቤቱን ስንገዛ መቃብሩን ላንነካ፣ ሐውልቶቹን ልንጠብቅ፣ ዘመድ ሊያይ ቢመጣ በር ልንከፍት ፈርመናል።

በሰሜኑ ግድግዳ ያለውን ነጭ እብነ በረድ ሄዳችሁ እዩት። የአንዲት ወጣት እናትና የጨቅላዋ መታሰቢያ ነው፤ በሁለቱ ሞት መካከል ሳምንታት ብቻ ናቸው ያለፉት። ሰሌዳውን ከግድግዳው ጋር የያዘው ከውስጥ የተቀበረ ብረት ነው። ውሃ ሲገባ ብረቱ ዛገ፣ ሲዝግ አበጠ፣ እብነ በረዱን ከመሃል ሰነጠቀው። ስንጥቁ በሕፃኑ ስም ላይ ነው ያለፈው። አሁን በእንጨት ደግፈነዋል። አንድ ክረምት ዝናብ ከጠገበ ይወድቃል፣ ከሥሩ ደግሞ ልጆቻችን ናቸው የሚቀመጡት።

እኛ ደግሞ ስለ መቃብር የሚነገረን ሰዎች አይደለንም። ሙት ዓመት የማንረሳ፣ በእድር ተሰባስበን የማንንም አስከሬን መንገድ ላይ የማንተው ሕዝብ ነን። የእኛስ ልጅ የት ነው ያለው? የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል አለማየሁ ከመቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. በ7 ዓመቱ ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ እዚያው መንገድ ላይ ሞተችበት። በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ አረፈ፣ ዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሠራችለት የነሐስ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው “እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል” የሚለው የወንጌል ቃል ነው። አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ ብለን ስንጠይቅ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የተሰጠው መልስ በአቅራቢያው ያረፉትን የብዙ ሌሎች ሰዎች ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። አሳዝኖናል፣ ጥያቄያችንንም አንተውም። ግን ያንን ሰሌዳ ዛሬም የሚወለውለው እጅ የእንግሊዝ ሰው እጅ ነው። እኛ ጋም ሲልቪያ ፓንክረስት አለች፤ ኢጣሊያ ሲወርረን በጋዜጣ የጮኸችልን እንግሊዛዊት በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት አዲስ አበባ አርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርበኞች ባረፉበት ተቀብራለች። መቃብሯ ላይ ውሃ ቢወርድበት ዝም እንላለን?

ስለዚህ እባካችሁ እጃችሁን ዘርጉ። ስለት ያለባችሁ ስለታችሁን አስገቡ። በወር 10 ፓውንድም ቢሆን በስታንዲንግ ኦርደር፣ ማለትም ባንኩ በየወሩ በራሱ በሚልከው ቋሚ ትእዛዝ፣ የምታስገቡ ትልቁን ሸክም ታቀሉልናላችሁ። እዚህ አገር ግብር የምትከፍሉ የጊፍት ኤይድ ፎርሙን ሙሉ፤ በሰጣችሁት በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምርልናል፣ እናንተን ምንም አያስከፍላችሁም። ፎርሙ ሻማ መሸጫው ጠረጴዛ ላይ አለ። ብዙዎቻችሁ አልሞላችሁትም፣ ያ ገንዘብ እየቀረብን ነው።

አከፋፈሉን በድጋሚ፦ ገንዘቡ የሚገባው በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ እሑድ በሚታደለው ወረቀት ጀርባና በበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አለ። ማጣቀሻው ላይ “ጣሪያ” ብላችሁ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ከአሥራቱ ጋር ይቀላቀልብናል። በግለሰብ ስም የተከፈተ ሒሳብ የለንም፤ በስልክ ቁጥር የሚጠይቃችሁ ካለ እኛ አይደለንም። በጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ከውጭ አገር የምትልኩ መጀመሪያ ለሒሳብ ሹሟ ደውሉላት፣ የባንኩን ኮድ ትሰጣችኋለች።

እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። ማጣቀሻው “ጣሪያ”። ሒሳቡ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም።

እግዚአብሔር ይስጥልን።

የጣሪያ ጥገና ኮሚቴው