የወሊድ ቁጥር ስታትሙ የየትኛው ዓመትና የየትኛው አካባቢ እንደሆነ ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ወሊድ መቀነስ የሚወጡ ዘገባዎች አብዛኛውን ጊዜ «ኢትዮጵያዊት እናት በአማካይ 4.6 ልጆች ትወልዳለች» ብለው ይጀምራሉ። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያገኘው ነው። ብቻውን ሲታተም ግን የማንንም ኑሮ አያሳይም። በዚያው ጥናት የአዲስ አበባው 1.8፣ የገጠሩ 5.2፣ የሶማሌ ክልሉ ደግሞ 7.2 ነበር። በ4.6 ተመርቶ ለአራዳ ወይም ለቂርቆስ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል የሚያቅድ ሰው ገና ከመነሻው ተሳስቷል።

ስሌቱን ማወቅ ከብዙ ስሕተት ያድናል። መረጃ ሰብሳቢዋ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያለችን ሴት የወለደቻቸውን ልጆች አንድ በአንድ ትጠይቃለች፦ በየትኛው ወርና ዓመት እንደተወለደ፣ በሕይወት መኖር አለመኖሩን ትመዘግባለች። ከዚያ ከጥናቱ በፊት ባሉት 36 ወራት የተወለዱት ብቻ ተለይተው በእናቶቹ ዕድሜ፣ በ5 በ5 ዓመት ይከፈላሉ። ለማስረዳት ያህል፣ ከየዕድሜ ክልሉ 1,000 ሴቶች በዓመት የሚወልዱት ከ15–19 ባሉት 20፣ ከ20–24 70፣ ከ25–29 110፣ ከ30–34 90፣ ከ35–39 50፣ ከ40–44 15፣ ከ45–49 5 ነው እንበል። ድምሩ 360 ነው። አንዲት ሴት በእያንዳንዱ ክልል 5 ዓመት ስለምትቆይ በ5 ይባዛል፤ 1,800 ለ1,000 ሴቶች፣ ማለትም 1.8 ይሆናል። ስለዚህ ይህ ቁጥር ሴቶች እስከ ዛሬ የወለዱት ልጅ ብዛት አይደለም። የእነዚያ 3 ዓመታት ሁኔታ ዕድሜ ልኳን ሳይለወጥ ቢቀጥል አንዲት ሴት የሚኖራትን የልጅ ብዛት ነው የሚናገረው።

ስሕተት የሚገባው ከቃለ መጠይቁ ጀምሮ ነው። እናት ወሩን «ለጥምቀት ሰሞን» ብላ በትክክል ታስታውሳለች፤ ዓመቱ ግን ይጠፋባታል። ሌላው የከፋ ነው፦ ባለፉት 5 ዓመታት የተወለደ ልጅ ካለ ስለ ክትባቱ፣ ስለ አመጋገቡና ስለ ሕመሙ የሚጠይቅ ረጅም ክፍል ይከተላል። የደከመ መረጃ ሰብሳቢ ይህን ለመዝለል የልጁን ልደት አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ይህ ሲደጋገም በቅርብ ዓመታት የተወለዱት ያነሱ ይመስላሉ። ተቆጣጣሪዎች ልደቶቹን በየዓመቱ ደርድረው፣ የ5 ዓመቱ መስመር ላይ ድንገተኛ ጉድለት፣ ከመስመሩ ማዶ ደግሞ ድንገተኛ ክምችት መኖሩን የሚያዩት ለዚህ ነው።

ዘጋቢዎች ዘንድ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ለ1992 ዓ.ም. ጥናት 5.5 እና 5.9 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። 5.5 የ3 ዓመት ስሌት ነው፣ 5.9 የ5 ዓመት። 5.9ን ይዞ ከ1997ቱ 5.4 ጋር የሚያነጻጽር ዘገባ ያልነበረ ትልቅ ቅናሽ ይፈጥራል። የፈረንጆቹን 2005 ወስዶ 2005 ዓ.ም. ብሎ ማተምም የተለመደ ነው፤ አሳቡን በ8 ዓመት ያዛባዋል።

በአገር ደረጃ ጉዞው እንዲህ ነው፦ በ1982 ዓ.ም. 6.4፣ በ1992 5.5፣ በ1997 5.4፣ በ2003 4.8፣ በ2008 4.6። የ1985ቱ የሕዝብ ፖሊሲ መነሻ ያደረገው ግምት ከዚህ ከፍ ያለ፣ 7.7 ሲሆን በ2007 ዓ.ም. 4.0 ለመድረስ ያለመ ነበር፤ አልተደረሰም። ያም ሆኖ ትልቅ ለውጥ ነው። የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች በ1992 ከ100 8 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 36፣ በ2011 ደግሞ 41 ደርሰዋል። ይህን የሠሩት በዋናነት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የሦስት ወሩ መርፌና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ናቸው። ከ5 ዓመት በታች የሚሞቱ ሕፃናትም ከ1,000 166 ከነበሩበት በ2008 ወደ 67 ወርደዋል። ልጁ እንደሚያድግለት ያመነ ወላጅ «ምናልባት» ብሎ ደርቦ አይወልድም።

የአዲስ አበባ ታሪክ ግን የተለየ ነው፤ ዘገባዎቻችሁ የሚዘነጉትም ይህንኑ ነው። ከተማዋ በ1982 ዓ.ም. 3.1 ነበረች፤ በ1992 1.9 ገባች፣ በ1997 ደግሞ 1.4። በ1982 እና በ1992 መካከል ለታየው ቅናሽ ትልቁን ድርሻ የያዘው የጋብቻ መዘግየት ነው፤ መከላከያ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። በ2008 ጥናት የአገሪቱ ሴቶች መካከለኛ የመጀመሪያ ጋብቻ ዕድሜ 17.1 ሲሆን የአዲስ አበባዎቹ 23.9 ነበር። ሥራ ያላገኙ፣ ከቤተሰብ ቤት ያልወጡ፣ የኪራይ ዋጋ ያስጨነቃቸው ወጣቶች ትዳርን አቆይተውታል። ስለዚህ የመዲናዋን ዝቅተኛ ቁጥር እንደ ዘመቻ ውጤት ብቻ አድርጎ ማወደስ ተገቢ አይመስለኝም፤ ከውስጡ ያልተመለሰ የመኖሪያ ቤት ጥያቄ አለ።

ከ1.4 ወደ 1.5፣ በ2008 ወደ 1.8 መመለሱስ? «አዲስ አበቤዎች ብዙ መውለድ ጀመሩ» ለማለት መቸኮል አይገባም። ትውልዱ ጋብቻውን ሲያዘገይ የሚወለዱት ልጆች ወደ ፊት ስለሚገፉ የዓመቱ ቁጥር ከሚገባው በታች ይወርዳል፤ ያቆዩት መውለድ ሲጀምሩ መልሶ ይነሣል። በዚያ ላይ በጥናቱ ከከተማዋ የሚገኙት የ36 ወራት ልደቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ብቻ ስለሆኑ ትንሽ ልዩነት ቁጥሩን ያንቀሳቅሰዋል።

በጋንዲ ወይም በዘውዲቱ ሆስፒታል የተመዘገቡ ወሊዶችን ለከተማዋ ሴቶች ቁጥር አካፍሎ «የአዲስ አበባ የወሊድ መጠን» ማለትም አይሠራም። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ መጥተው የሚወልዱት በላይኛው ቁጥር ውስጥ ይገባሉ፣ በታችኛው ግን የሉም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይህን ሊፈታ የሚችለው የእናቲቱ መደበኛ መኖሪያ ወረዳ በትክክል ከተጻፈ ነው።

«መጠኑ ከቀነሰ ሕዝቡ ለምን ይጨምራል?» ለሚሉ አንባቢዎች መልሱ በእናቶች ብዛት ላይ ነው። 100 እናቶች 6 6 ቢወልዱ 600 ልጆች ይሆናሉ። ከእነዚያ ሴቶቹ 250 ደርሰው 4 4 ቢወልዱ ግን 1,000 ልጆች ይወለዳሉ።

ስለዚህ ቁጥሩን ስታትሙ አጠገቡ የጥናቱን ዓመት፣ የ3 ወይም የ5 ዓመት ስሌት መሆኑንና የከተማውን ከገጠሩ ለይታችሁ አስቀምጡ። ዘገባው ስለ አዲስ አበባ ከሆነ የጋብቻ ዕድሜውንም ጨምሩ። የሕዝብ ብዛት ስትጠቅሱ ደግሞ ትንበያ መሆኑ ይገለጽ፤ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነውና።

የሥነ ሕዝብ ባለሙያ፣ ከአራት ኪሎ