የካላባር ባቄላና የቀዶ ሕክምና ክፍላችን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ አፍሪካ ባህላዊ መድኃኒቶች ሰሞኑን ባወጣችሁት ጽሑፍ የምዕራብ አፍሪካ ዕፅዋት ለዘመናዊ ሕክምና ያበረከቱት ነገር እንደሌለ ተደርጎ መቅረቡ አሳዝኖኛል። የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። ቀዶ ሕክምናው ሲያበቃ፣ በመድኃኒት እንዲዝል የተደረገው የታካሚው ጡንቻ በርትቶ በራሱ እንዲተነፍስ የምንሰጠው ኒኦስቲግሚን የተሠራው፣ በናይጄሪያ በካላባር አካባቢ ከሚበቅል ሐረግ ፍሬ የተገኘን ንጥረ ነገር አርአያ በማድረግ ነው።

በዚያው አካባቢ የሚኖረው የኤፊክ ሕዝብ ፍሬውን ኤሴሬ ይለዋል። በጥንቆላ የተጠረጠረ ሰው ፍሬው የተበጠበጠበትን ውሃ እንዲጠጣ ይደረግ ነበር፤ ካስመለሰው ንጹሕ ነው፣ ከሞተ ጥፋተኛ ተብሎ ይቀበራል። እ.ኤ.አ. በ1855 የኤድንበራው ሐኪም ሮበርት ክሪስቲሰን ጥቂት ቀምሰው ሰውነታቸው በብርቱ ዛለ፤ በ1864 ደግሞ ጀርመናውያን ኬሚስቶች ፊሶስቲግሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ከፍሬው ለዩ። ንጥረ ነገሩ ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበትን አሴቲልኮሊን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሚያግድ ትእዛዙ ሳይጠፋ ይቆያል፤ በዚህም ምክንያት ግላኮማ ለተባለው የዓይን በሽታ ሕክምና ዋለ፣ በ1934ም ሐኪሟ ሜሪ ዎከር ለንደን ውስጥ ማያስቴኒያ ግራቪስ በተባለው በሽታ ጡንቻቸው ለዛለ ታካሚ ሰጥተው ለውጡን በዓይናቸው አዩ። መጠኑ ሲያልፍ ግን ይኸው አሠራር ትንፋሽ ያቆማል። ተከሳሹን የሚገድለውና የእኔን ታካሚ ጡንቻ የሚያበረታው አሠራር አንድ ነው፤ የሚለያቸው መጠኑ ነው፣ የኤፊክ ሰዎችም የፍሬውን ኃይል ከማንም ቀድመው ያውቁ ነበር።

ጸሐፊው ያልተመረመረ ሥር ቀቅሎ መጠጣት አደገኛ ነው ማለታቸው ግን ትክክል ነው። በጋና ኒቢማ የሚባለውን ተክል ቢጫ ሥር ሕዝቡ ለወባና ለትኩሳት ቀቅሎ ይጠጣዋል። በውስጡ ያለው ክሪፕቶሌፒን የወባን ተውሳክ እንደሚገድል በላቦራቶሪ ታይቷል፤ ይሁንና ከዲኤንኤ ጋር ስለሚጣበቅ የሰውንም ሕዋስ ሊጎዳ ይችላል የሚል ስጋት አለ፣ ብዙ ትውልድ ጠጥቶታል ማለትም ይህን ስጋት አያስወግድም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመመርመር በ1975 እዚያው ጋና ውስጥ በማምፖንግ አኩዋፔም የተቋቋመ የዕፅዋት መድኃኒት ምርምር ማዕከል በሥራ ላይ ነው።

ስለዚህ ማረሚያ እንድታወጡ፣ በቀጣዩ ዘገባችሁም የዚህን ማዕከል ተመራማሪዎች እንድታነጋግሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ