የኪልኬኒ ድመቶች ተላለቁ እንጂ አልተሸናነፉም

ለአዘጋጁ፣

ስለ እንግሊዝኛ ፈሊጦች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። «እንደ ኪልኬኒ ድመቶች መዋጋት» የሚለው ላይ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ትርጉሙን «በኃይል መታገል» ብላችሁ ዘጋችሁት። ግማሹ ቀርቷል። ነብርም በኃይል ይታገላል፤ አሸንፎ ይሄዳል። ይህ ፈሊጥ የሚነገረው ማንም ሳያሸንፍ እርስ በርስ ለሚጠፋፉ ነው።

ምንጩንም የወታደሮቹን ታሪክ ብቻ አድርጋችሁታል። እ.ኤ.አ. በ1798 በአየርላንድ ዓመፅ ዘመን፣ ኪልኬኒ ከተማ የሰፈሩ ቅጥር የጀርመን ወታደሮች ለጨዋታ ብለው ሁለት ድመቶችን ጅራታቸውን አስረው ገመድ ላይ ሰቀሉ ይባላል። መኮንን ሲመጣባቸው አንዱ ጅራቶቹን በሰይፍ በጠሰ። ድመቶቹ ፈረጠጡ። መኮንኑ ተንጠልጥለው የቀሩትን ጅራቶች አይቶ ሲጠይቅ «ተበላልተው አለቁ፣ የተረፈው ይኸው ነው» አሉት።

ቀልዱ ያስቃል፣ ለድመቶቹ ካልሆነ በቀር። ግን ልብ በሉ፦ በዚህ ታሪክ ድመቶቹ አልሞቱም! ተበላሉ የሚለው ወታደሮቹ የፈጠሩት ሰበብ ነው። ለእኔ ፈሊጡ ቀድሞ ኖሮ፣ ታሪኩ በኋላ የተለጠፈበት ይመስላል።

ሌላውን ማብራሪያ ጭራሽ አላነሳችሁትም። ኪልኬኒ ድሮ ሁለት ከተማ ነበረች። እንግሊዞች የሰፈሩባት ሃይታውን በአንድ በኩል፣ በቅዱስ ካኒስ ካቴድራል ዙሪያ ያለችው አይሪሽታውን በሌላ በኩል። መሃላቸው ብሬጋ የሚባል ትንሽ ወንዝ ብቻ ነው። እያንዳንዷ የራሷ አስተዳደር ነበራት፤ ለአየርላንድ ፓርላማም የየራሳቸውን እንደራሴዎች ይልኩ ነበር። ታዲያ በወሰንና በመብት ጉዳይ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ሲሟገቱ ኖሩ። ሁለቱም ደኸዩ ይባላል። ድመቶቹ እነሱ ናቸው ማለት ነው።

ይህም ቢሆን የተረጋገጠ አይደለም። ቢሆንም ከፈሊጡ ትርጉም ጋር ይገጥማል፤ የወታደሮቹ ታሪክ ግን አይገጥምም። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታወጧቸው ኖሮ አንባቢው ራሱ ይመርጥ ነበር።

በነገራችን ላይ የኪልኬኒ ሰዎች በስሙ አይከፉም። የሃርሊንግ (በዱላና በኳስ የሚጫወቱት የአየርላንድ ስፖርት) ቡድናቸው ቅጽል ስሙ «ድመቶቹ» ነው። 36 ጊዜ የአየርላንድ ሻምፒዮን ሆኗል፤ እነዚህኞቹስ ማሸነፍ ያውቁበታል።

አንባቢያችሁ