ስንቅ ነው እንጂ ብርድ ልብስ አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ወፎችና ሌሎች እንስሳት ወቅታዊ ፍልሰት ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁት ዘገባ ፍልሰቱ ሁሉ ብርድ ለመሸሽ ነው የሚል ነበር፤ አንባቢዎቻችሁ አይተውታልና እዚህ በዝርዝር አልደግመውም። ብዕር ያስነሳኝ ከፎቶግራፉ ግርጌ ያለችው አንዲት መስመር ናት። «ብርድ ለመሸሽ የተዘጋጀች ወፍ፤ ሙቀት የሚሰጣትን ስብ አከማችታለች» ትላለች። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው እጅ የእኔ ነው። ስቡንም ለዘጋቢያችሁ ገልጬ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ምን እንደሆነም እዚያው ቆመን ሁለት ጊዜ ነግሬአቸዋለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ወፎችን ይዘን ቀለበት አስረን ለመልቀቅ ጎሕ ሳይቀድ በዘረጋነው ስስ መረብ አንዲት ወፍ ገባች። አንገቷን በሁለት ጣቶቼ መካከል አድርጌ በጀርባዋ መዳፌ ላይ አስተኛኋትና ደረቷ ላይ እፍ አልኩ። ላባው ለሁለት ሲከፈል ቆዳዋ ታየ፤ የወፍ ቆዳ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን አይደብቅም። አንገቷ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ በቢጫ ስብ ሞልታ ወደ ላይ አብጣለች። እግሯ ላይ ባለው ቀለበት ቁጥር መዝገቡን ስናገላብጥ ከሦስት ሳምንት በፊት ይዘናት እንደነበር አገኘን፤ ያን ጊዜ ያቺ ጎድጓዳ ባዶ ነበረች። ዘጋቢያችሁ «ይህ ለብርዱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አይደለም፤ ለመንገዱ ነው፤ ስንቋ ነው» አልኳቸው። ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ አይቻለሁ። ከደብተሩ እስከ ጋዜጣው ባለው መንገድ ስንቁ እንዴት ብርድ ልብስ ሆነ?

ያን ጠዋት እኮ ብርድ አልነበረም። እኔም እሳቸውም ሹራባችንን አውልቀን ነበር። ወፏ ግን ስቧን አከማችታ ለመሄድ ተሰናድታለች። ስዊፍት የሚባሉት ወፎች ከሰሜን አውሮፓ በብዛት የሚወጡት በኦገስት ገደማ፣ አገሩ ገና በሞቀበት ወቅት ነው። ማን አባረራቸው? በሌላ በኩል ደግሞ 11 ግራም ያህል የምትመዝነው ቺካዲ የምትባል ትንሽ ወፍ በአላስካ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሲደርስም አገሯን አትለቅም፤ ዘርና በቅርፊት ሥር የተደበቁ ነፍሳት ታገኛለችና። ኤምፐረር ፔንግዊን ጭራሽ የአንታርክቲካ ቅዝቃዜ ሊብስ ሲል በበረዶው ላይ እየተራመደ ወደ መራቢያው ይገሰግሳል፤ ወንዱም ከሁለት ወር በላይ እንቁላሉን እግሩ ላይ አድርጎ በዚያ ጨለማ ይቆማል። በእናንተ ሚዛን ይህ ፍጡር ምን ሊባል ነው?

ነገርን ከሥሩ እንድንይዘው ያህል፣ ብርድ ምንም ድርሻ የለውም እያልኩ አይደለም። ብርድ ነፍሳቱን ያጠፋል፤ ኩሬውን ይደፍናል፤ መሬቱን ያጠነክራል። ወፏን የሚያስነሳት ግን ማዕዷ መነሳቱ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ማዕዱ እስኪነሳ እንኳ አይጠብቁም። የቀኑ ርዝመት ሲለወጥ አካላቸው ያውቀዋል፤ ያን ጊዜ መብላት ያበዛሉ፤ በቤት ውስጥ ተዘግተው ያደጉት እንኳ ወቅቱ ሲደርስ ሌሊቱን በሽቦ ቤታቸው ውስጥ ሲንቆራጠጡ ያድራሉ። ካናዳ ውስጥ ዊልያም ሮዋን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጁንኮ የሚባሉ ትናንሽ ወፎችን በከባድ ቅዝቃዜ ደጅ ላይ በሽቦ ቤት አኑሮ፣ በኤሌክትሪክ አምፖል ቀናቸውን ጥቂት በጥቂት አስረዘመላቸው። ወፎቹ በዚያ ውርጭ መካከል የጸደይ ለውጥ በአካላቸው አሳዩ። ብርዱ እንዳለ ነው፤ የተለወጠው ብርሃኑ ብቻ ነው። ይህ ከታወቀ መቶ ዓመት ሆነው። ከዚያም በፊት ቢሆን ነቢዩ ኤርምያስ የተናገረው ሽመላ ጊዜዋን እንደምታውቅ ነው፤ ብርድ አሳደዳት አላለም።

ስቡ ሙቀት መስጫ ከሆነ ደግሞ ይህን ንገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጎድዊት የሚባል አንድ የአምስት ወር የባሕር ዳርቻ ወፍ ከአላስካ ተነስቶ የአውስትራሊያ ደሴት የሆነችው ታዝማኒያ እስኪደርስ ድረስ 11 ቀን ያህል ሳያርፍ 13,560 ኪሎ ሜትር በረረ። ጀርባው ላይ የነበረው መሣሪያ በሳተላይት መንገዱን አሳይቷል። ጎድዊቶች ለዚህ ጉዞ ሲዘጋጁ ከክብደታቸው ግማሽ ያህሉ ስብ ይሆናል። ፓስፊክን አቋርጦ የምድር ወገብን ሲያልፍ ያ ሁሉ ስብ ከየትኛው ብርድ ሊያድነው ነበር? በየሰዓቱ እያቃጠለው በረረ እንጂ አልለበሰውም።

ርዕሳችሁ «ወፎችና ሌሎች እንስሳት» ይላል። ለሌሎቹ እንስሳት የሰጣችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም «እንዲሁ ብርድ ይሸሻሉ» የሚል። በታንዛኒያው ሴሬንጌቲና በኬንያው ማሳይ ማራ መካከል የሚዞሩት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዊልደቢስት የሚባሉ ሣር በል የዱር እንስሳት የሚከተሉት ዝናብንና ለምለም ሣርን ነው። በዛምቢያ ካሳንካ ብሔራዊ ፓርክ በየዓመቱ ከኦክቶበር ጀምሮ የሚሰበሰቡት በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሌሊት ወፎች የሚመጡት ፍሬ ሲበስል ነው። የክሪስማስ ደሴት ቀያይ ሸርጣኖች ከጫካ ወደ ባሕር የሚወርዱት ዝናቡ ሲጀምርና ጨረቃዋ ሲመቻቸው፣ እንቁላላቸውን ለመጣል ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብርድ የነካው የትኛው ነው?

የመጨረሻው አንቀጻችሁ ግን ከስህተትም ያልፋል። «ምድር እየሞቀች በሄደች ቁጥር ወፎቹ መጓዝ ስለማያስፈልጋቸው ይገላገላሉ» ብላችኋል። የተሳሳተች አንዲት መስመር ምን ያህል እንደምትወልድ ተመልከቱ። ምዕራብ አፍሪካ ከርማ ወደ ኔዘርላንድስ የምትመለስ፣ ወንዱ ጥቁርና ነጭ የሆነ አንዲት ነፍሳት በል ወፍ አለች። መነሻዋን የምታውቀው ከቀኑ ርዝመት ነው፤ የቀኑ ርዝመት ደግሞ ምድር ብትሞቅም አይለወጥም። በኔዘርላንድስ ግን ሙቀቱ ዛፎቹን ቀድሞ ስለሚያስለመልም አባጨጓሬው ቀድሞ ይፈላና ቀድሞ ያልቃል። ወፏ በቀኗ ትደርሳለች፤ ጫጩቶቿ አፋቸውን ሲከፍቱ ምግቡ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው አባጨጓሬው ቀድሞ በሚያልቅባቸው ጫካዎች ቁጥሯ በሁለት አሥርት ዓመታት 90 በመቶ ያህል ወርዷል። መገላገል የምትሉት ይህንን ነው? አንዳንድ ሽመላዎች ጉዞ ትተው ስፔንና ፖርቱጋል መቅረታቸው እውነት ነው፤ እዚያም ቢሆን ያስቀራቸው በቆሻሻ መጣያዎች የሚያገኙት ምግብ ነው።

አሁን አንጀቴን ወዳቃጠለው ልምጣ። እኛን «በመረብ ወፍ የሚያጠምዱ ሰዎች» ብላችሁ ጽፋችኋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎሕ ሳይቀድ ተነስቼ፣ አንዲት ሳንቲም ሳይከፈለኝ፣ እያንዳንዷን ወፍ መዝኜ፣ ለክቼ፣ ቀለበት አስሬ ስለቅቅ ኖሬአለሁ። ዴንማርካዊው መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን እ.ኤ.አ. በ1899 ቁጥር የተቀረጸበት የአሉሚኒየም ቀለበት በወፎች እግር ላይ ማሰር ከጀመረ ወዲህ፣ ወፍ ከየት ተነስታ የት እንደምትደርስ የምናውቀውን ብዙውን ነገር ያወቅነው እንዲህ ባሉ ሰዎች ልፋት ነው። ከእኛ ጋር ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ አባት አሉ፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቀለበቱን ማሰር ትተው መዝገቡን ይይዛሉ። ዘገባችሁን የልጅ ልጃቸው አንብባላቸው «አባባ፣ ወፍ ትገድላላችሁ እንዴ?» አለቻቸው። ለዚያች ልጅ የሚመልስላት ማን ነው?

ዘገባው በወጣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ አንዲት እናት ካርቶን ታቅፈው መጡ። ወፏን ያገኟት መስኮታቸው ሥር፣ ከመስታወት ተጋጭታ ወድቃ ነው። ዘገባችሁን አንብበው ስለነበር ብርድ የጣላት መስሏቸው በፎጣ ጠቅልለው፣ በሚበራ አምፖል ሥር ሁለት ሌሊት አቆይተዋታል። ስከፍተው ሞታ ደርቃለች። ደረቷን እፍ ብዬ አየሁ፤ ቢጫው ስብ እንዳለ ነበር። እኚህ እናት ጥፋት የለባቸውም፤ ያነበቡትን አምነው በርኅራኄ ያደረጉት ነው። በመስታወት የተመታች ወፍ የሚያስፈልጋት አየር በሚያስገባ ጨለማ ካርቶን ውስጥ፣ ሳትነካካ፣ ለአጭር ጊዜ ማረፍ ነው። ከነቃች ወዲያው ደጅ ወጥቶ መልቀቅ፤ ካልነቃች ለእንስሳት ሐኪም ማድረስ። ይህን ለመጻፍ ሁለት መስመር ይበቃችሁ ነበር። ሌሊት የሚበሩ ወፎችን መብራትና መስታወት እንደሚፈጃቸውም አልጻፋችሁም። በኦክቶበር 2023 ቺካጎ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ሥር ብቻ በአንድ ሌሊት ወደ 1,000 የሚጠጉ ወፎች ሞተው ተለቅመዋል።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ያንኑ ፎቶግራፍ በዚያው ገጽ መልሳችሁ አውጡት፤ ግርጌውም ላይ «ለጉዞ የተያዘ ስንቅ» ብላችሁ ጻፉ። «የሚያጠምዱ» የሚለውንም «ቀለበት አስረው የሚለቅቁ» በሚለው ተኩት። ወፎቹ የሚያልፉበት ወቅት ሊያበቃ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶታል፤ ሌላ ካርቶን ሳይመጣብን በሚቀጥለው እትም ይውጣልን።

ከሰላምታ ጋር
ወፎችን ቀለበት ከሚያስሩ በጎ ፈቃደኞች አንዱ