ካሶኒውን ከመቀባትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

የፒክአፕሽን ካሶኒ መከላከያ ሽፋን ራስሽ ልትቀቢው መወሰንሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ተዘጋጅቶ የሚገጠመውን የፕላስቲክ ሽፋን መተውሽም ትክክል ነው፤ ከሥሩ አሸዋና ውሃ እየገባ ቀለሙን ይፍቀዋል፣ ዝገቱም የሚታየው ሽፋኑ የተነሣ ዕለት ነው። ነገር ግን ጣሳውን ከመክፈትሽ በፊት አንድ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ።

የመጀመሪያ መኪናዬን ካሶኒ የቀባሁት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነበር። በውሃ አጠብሁት፣ ሲደርቅ ወዲያው ሩሎ አነሣሁ። ሁለት ወር ያህል አምሮ ከረመ። ከዚያ ብረት ሲራገፍ የተነሣችውን አንዲት ጠርዝ በጥፍሬ ይዤ ሳብ ባደርጋት፣ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ቆዳ ሆና ተላጠች። ከሥሯ ያለው የፋብሪካ ቀለም እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ጥፋቱ ያ ማብራቱ ነው፤ ሽፋኑ የሚቆናጠጠው ሻካራ ገጽ ስላጣ ላዩ ላይ ተኝቶ ኖሯል እንጂ አልተጣበቀም።

ስለዚህ ከሥራሽ አብዛኛው ቀለም የሌለበት ሥራ ይሁን። ብሎኖቹንና ማሰሪያ ቀለበቶቹን ፍቺ፤ ከዚያ ቅባቱን በሚያስለቅቅ ሳሙና አጥበሽ በደንብ አለቅልቂ። መታጠቡ ከመፈግፈጉ መቅደም አለበት፤ አለበለዚያ የብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ይሞላዋል። ከ80 እስከ 120 ቁጥር ባለው ወረቀት ወለሉን፣ ግድግዳዎቹንና የኋላውን ስፖንዳ አንድም የሚያበራ ቦታ እስከማይቀር ድረስ ፈግፍጊ፤ ወረቀት የማይደርስባቸውን የወለሉን ቦዮች በሽቦ ብሩሽ ያዣቸው። ዝገት ያለበትን ቦታ ንጹሕ ብረት እስኪወጣ ፍቀሽ፣ ከሽፋኑ ጋር የሚስማማ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቢው። አቧራውን ከጠረግሽ በኋላ አምራቹ ባዘዘው ማሟሟቻና ክር በማይተው ጨርቅ ወልውይው። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን በወረቀት ፕላስተር መሸፈን አትርሺ፤ እነሱ ከተደፈኑ ካሶኒው ገንዳ ይሆናል።

በፈሳሹ ውስጥ ያሉት የጎማ ፍርፋሪዎች ታች ይዘቅጣሉና ከሥር ጀምረሽ አማስዪ፣ በየመሃሉም ድገሚ። ማዕዘኖቹንና የብየዳ መገጣጠሚያዎቹን አስቀድመሽ በብሩሽ፣ ቀሪውን በሩሎ አዳርሺ። የመጀመሪያው ዙር የታችኛው ቀለም ጥቂት ቢታይበት አትደንግጪ፤ ከአየር እርጥበት ጋር ተዋህዶ የሚጠነክር ፖሊዩሬታን (ብዙዎቹ ሽፋኖች የሚሠሩበት የፕላስቲክ ዓይነት) ሲጠነክር ጋዝ ስለሚያወጣ፣ አንድ ጊዜ አወፍረሽ ብትቀቢው አረፋ ያበጅብሻል። ሁለተኛውን ዙር፣ በጣሳው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቀሽ፣ መጀመሪያ ከቀባሽበት አቅጣጫ በተሻጋሪው ቀቢ። የወረቀት ፕላስተሩን ሽፋኑ ሳይደርቅ ላጪው፤ ከደረቀ ጠርዙን ይዞት ይነሣል።

ይህን ደግሞ እንደ አባት እለምንሻለሁ፦ ከእነዚህ ሽፋኖች ብዙዎቹ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለባቸው፤ ሳንባን አስቆጥቶ አስም ሊያስከትል የሚችል ነው። የአቧራ ጭንብል ለእርሱ አይበጅም። አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳት ርቀሽ፣ በጣሳው ላይ የታዘዘውን ማጣሪያ ያለው ጭንብል አድርገሽ ሥሪ። ጓንትም አይቅር፤ እኔ ያለ ጓንት ሠርቼ ለሳምንት ያህል ጥቁር ጣቶቼን አይቶ ያልጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ከባድ ጭነት ለመጫን አትቸኩዪ፤ በማግስቱ ብትረግጪውም ውስጡ ገና ስለማይጠነክር ቢያንስ ሦስት ቀን፣ አምራቹ ከዚያ በላይ ካለም የእርሱን ቃል ጠብቂ።

ትራፓኖ ላይ የሚገጠመው ማማሰያ እኔ ዘንድ ስላለ ቅዳሜ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። እስከዚያ ፍግፈጋውን ጨርሺ፤ ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ በመዳፌ ሳልዳስሰው ጣሳው አይከፈትም።

አባትሽ